ያውቁ ኖሯል? በጨረር የተለወጠ ዘር፣ በዲኤንኤ ምርመራ የሚመረጥ ሰብል

(ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ያውቁ ኖሯል? ለስኮትላንድ ውስኪ ብቅል ለረጅም ጊዜ ተመራጭ የነበረው «ጎልደን ፕሮሚዝ» የተባለው ገብስ የተገኘው በጋማ ጨረር ከተመታ ዘር ነው። ጨረሩ አገዳውን አሳጠረው፤ አጭርና ጠንካራ በመሆኑም ፍሬ ሲይዝ ቶሎ አይጋሸብም።

◆ «ክሬሶ» የተባለው የጣልያኖች የፓስታ ስንዴም የዚሁ ሙያ ውጤት ነው። «ካፔሊ» የሚባል ረጅም ዱረም ስንዴ በኒውትሮን ተመታ፤ ከእሱ የተገኘው አጭር ሚውታንት (ዘረመሉ የተለወጠ ተክል) ከሌላ መስመር ጋር ተዳቀለና በ1974 ክሬሶ ወጣ። በ1980ዎቹ የጣልያን ማሳዎችን ከሸፈኑት ዱረም ስንዴዎች ቀዳሚው እሱ ነበር። የዚያን ዘመን የጣልያን ፓስታ የበላ ሰው ክሬሶን ሳይቀምስ አይቀርም።

◆ ውስጡ ደማቅ ቀይ የሆነው የቴክሳስ ግሬፕፍሩት «ሪዮ ሬድ»ም በጨረር ከተመታ ቀንበጥ የተገኘ ነው። ለገበሬዎች የተለቀቀው በ1984 ነው።

◆ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በጋራ የሚይዙት መዝገብ በዚህ መንገድ የተገኙ ከ3,400 በላይ ዝርያዎችን ይዟል። ሩዝ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ አበባ ሳይቀር አለበት። በብዛት ቻይና ትመራለች። ሁለቱ ድርጅቶች የጋራ ክፍላቸውን ያቋቋሙት በ1964 ሲሆን፣ ቤተ ሙከራው ኦስትሪያ ውስጥ ሳይበርስዶርፍ ይገኛል። አባል አገሮች ዘራቸውን ልከው ማስመታት ይችላሉ።

◆ ሚውቴሽን ሲባል የሚያስፈራቸው ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን በዲኤንኤ ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው፤ ጨረርና ኬሚካል ባይኖርም በየትውልዱ በራሱ ይከሰታል። ነጭና ጥቁር ጤፍ፣ ባለ ሁለትና ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ የተለያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ጨረሩ የሚያደርገው ብዙ ሺህ ዓመት የሚፈጀውን ለውጥ በአንድ ወቅት ማብዛት ነው።

◆ በጋማ ጨረር የተመታ ዘር ራሱ ጨረር አያመነጭም። ጨረሩ በዘሩ ውስጥ ያልፋል፣ ዲኤንኤውን ይቆርጣል፣ በዚያው ያበቃል። ሰውን ለሞት የሚያደርሰው መጠን 5 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ የደረቀ የገብስ ዘር ከ100 ግሬይ በላይ ተቀብሎም ይበቅላል።

◆ በ1927 አሜሪካዊው ኸርማን ሙለር ኤክስ ሬይ የዝንቦችን ዘረመል እንደሚለውጥ አሳተመ፤ በ1946 ኖቤል ተሸለመበት። በዚያው በ1927 መጀመሪያ ወራት ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በኢትዮጵያ ደጋዎች በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ይሰበስብ ነበር። አንዱ ልዩነትን በመሣሪያ ፈጠረ፤ ሌላው ገበሬ ጠብቆ ያቆየውን ልዩነት ፈለገ። ሁለቱ በኋላ ተገናኝተዋል፤ ሙለር በ1933 ወደ ሶቭየት ኅብረት ሄዶ ቫቪሎቭ በሚመራው የዘረመል ተቋም ሠርቷል። ቫቪሎቭ በ1943 በስታሊን እስር ቤት ሞተ።

◆ ጨረርን በገብስና በበቆሎ ላይ ቀድሞ የሞከረው ሉዊስ ስታድለር ነው፤ ውጤቱን በ1928 ይፋ አደረገ። እሱ ራሱ ግን ዘዴው ለዝርያ ማሻሻያ ብዙ ይጠቅማል ብሎ አላመነም። ስዊድኖች እነ ኦኬ ጉስታፍሶን ተስፋ ሳይቆርጡ በገብስ ላይ ለአስርት ዓመታት ገፉበት፤ ታሪክም ለእነሱ ፈረደ።

◆ ይህን ደግሞ ያውቁ ኖሯል? ኬሚካልም ዘረመልን እንደሚለውጥ የታወቀው በሰናፍጭ ጋዝ ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደችው ሻርሎት አወርባክ በኤድንብራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዝንቦችን ለጋዙ እያጋለጠች እጇ እስኪቃጠል ሠራች። ጉዳዩ የጦር ምሥጢር ስለነበር ዋናው ጽሑፍ የወጣው ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ከዚያ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1935 እና 1936፣ በአባቶቻችንና በእናቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበው መርዝ ይኸው ነው። ዛሬ በቤተ ሙከራ ዘር የሚነከርበት ኢኤምኤስ የተባለው ኬሚካልም ዲኤንኤን የሚያጠቃው በተቀራራቢ መንገድ ነው። ይህን እያወቅሁ ስለ ኢኤምኤስ በቀላሉ መጻፍ አይሆንልኝም።

◆ ጨረርና ኢኤምኤስ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ጋማ ጨረር ብዙውን ጊዜ የዲኤንኤውን ክር ቆርጦ ቁራጭ ያስወጣል። ኢኤምኤስ አንዷን የዲኤንኤ ፊደል በሌላ ይተካል። ዘረመሉን ጨርሶ ማጥፋት የፈለገ ጨረርን ይመርጣል፤ አሠራሩን በጥቂቱ መለወጥ የፈለገ ኢኤምኤስን።

◆ የተመታው ዘር ሲበቅል ወዲያው አዲስ ነገር ይታያል ማለት አይደለም። ብዙው ለውጥ ከአንድ ወገን ብቻ ሲወረስ ተደብቆ ይቀራል፤ የሚገለጠው ተክሉ ራሱን አዳቅሎ ልጆቹ ሲዘሩ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው በሁለተኛው ትውልድ ብዙ ሺህ ቡቃያ መካከል እየተመላለሰ አጭሩን፣ ቀድሞ የሚደርሰውን፣ በሽታ ያልነካውን ይለቅማል። አብዛኛው ለውጥ ጎጂ ወይም የማይረባ ነው፤ የሚጠቅመው በጣም ጥቂት ነው።

◆ ጃፓን ውስጥ ይህ ልቅሚያ 19 ዓመት ፈጅቶ ያውቃል። በኢባራኪ ግዛት ዙሪያውን በከፍተኛ የአፈር ግድብ የታጠረ፣ ከመሃሉ እስከ ዳር 100 ሜትር የሆነ ክብ እርሻ ነበር። መሃሉ ላይ የኮባልት 60 ጨረር ምንጭ ቆሞ፣ ተክሎቹ ከእሱ በተለያየ ርቀት ተተክለው ነበር። ከነዚህ መካከል «ኒጂሴይኪ» የሚባለው ጣፋጭ የፒር ዛፍ ነበር፤ ችግሩ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣ ሻጋታ ያጠቃዋል፣ ገበሬውም በመድኃኒት ርጭት ይማረራል። ዛፎቹ በ1962 ተተከሉ። በ1981 ከምንጩ 53 ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ አንድ ዛፍ፣ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተከተበው ነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ጎልድ ኒጂሴይኪ» ተብሎ የወጣው።

◆ ሙዝም በዚህ መንገድ ተሻሽሏል። የምንበላው ሙዝ ዘር ስለሌለው ማዳቀል አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ስለዚህ በቲሹ ካልቸር (በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ) የሚያድገው ቀንበጥ ይመታል። ማሌዥያ በ1995 ያወጣችው «ኖቫሪያ» የዚህ ልጅ ነው።

◆ የሱፍ አበባ ዘይት ለመጥበሻ እንዲጠነክር ያደረገው ለውጥ የመጣው ከሶቭየት ኅብረት ነው። «ፐርቬኔትስ» የተባለው ዝርያ በኬሚካል ተነክሮ የተገኘና በ1976 የታወቀ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚዘራው ኦሌይክ የተባለው የቅባት አሲድ የበዛበት ሱፍ አበባ ዘሩ ከእሱ ይመዘዛል።

◆ ተፈጥሮና መሣሪያ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ያውቁ ኖሯል? እስያን ከረሃብ ያወጣው «አይአር 8» የተባለው ሩዝ ያጠረው ከታይዋን ነባር ዝርያ በወረሰው ለውጥ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ «ካልሮዝ» የተባለውን ረጅም ሩዝ በኮባልት 60 መትተው በ1976 አጭሩን «ካልሮዝ 76»ን አወጡ። በኋላ ዲኤንኤው ሲመረመር ሁለቱም የተለወጡት በዚያው በአንዱ ዘረመል ላይ መሆኑ ታወቀ።

◆ አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ ይህ ዓምድ የተጻፈው በዋናነት ለዚህ ነውና። በ1942 ጀርመን ውስጥ ሃሌ ላይ ፍራይስሌበንና ላይን የተባሉ ተመራማሪዎች ገብስን በኤክስ ሬይ መትተው፣ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነፋ የሚያስመስለው ሻጋታ የማይደፍረው ቡቃያ አገኙ። ለውጡ ያረፈው «ኤምኤልኦ» በተባለ ዘረመል ላይ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ዘረመል ደህና ሲሆን ነው ለሻጋታው በር የሚከፍተው፤ ሲበላሽ በሩ ይዘጋል። ሻጋታው ብዙ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በጥቂት ዓመት ሲያሸንፍ፣ ይህን ግን በማሳ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ አላሸነፈውም።

ጀርመኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ተጉዘው የገብስ ዘር ሰብስበው ነበር። ያ ስብስብ ከዓመታት በኋላ ሲፈተሽ፣ ከገበሬዎቻችን ማሳ የተወሰደው ገብስ ውስጥ በዚያው ዘረመል ላይ ተመሳሳይ መከላከያ ተገኘ። ማንም ኤክስ ሬይ አልመታውም። ገበሬው ከዘር ዘር እያሳለፈ ያቆየው ነበር። የአውሮፓ አዳቃዮች በሰፊው የተጠቀሙት ይህን የኢትዮጵያውን ነው፤ በኤክስ ሬይ የመጡት ቅጠሉን በጥቃቅን ነጠብጣብ ስለሚጎዱና ምርትም ስለሚቀንሱ። ከ1979 ጀምሮ በአውሮፓ የበልግ ገብሶች ውስጥ ገብቶ ዛሬም አለ። የቢራ ብቅል የሚሆኑ ብዙ ዝርያዎች የእኛን ገብስ ለውጥ ተሸክመዋል፤ ያንን ያቆየው ገበሬ ግን ስሙ የትም አልተጻፈም። ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

◆ ከወሎም ሌላ አለ። በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር የበዛባቸው ሁለት አገኙ፤ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም አነስ ይላል። የወሎ ገበሬ ግን ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ይዘራቸው ነበር፤ እሸቱን በእሳት ጠብሶ ለመብላት። ከእንዲህ ዓይነት ጣፋጭ ማሽላዎች አንዱ «ወተት በጉንጬ» ይባላል። ፐርዱዎች በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ማሽላን በኬሚካል ነክረው ሌላ ላይሲን የበዛበት ማሽላ አወጡ፤ ከእሱ ዘር ደግሞ ፕሮቲኑ በቀላሉ የሚፈጭ ማሽላ ተገኘ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተማሩት በዚሁ በአክስቴል እጅ ነው።

◆ ካፌይን የሌለው ቡናስ? በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የቡና ስብስብ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዛፎችን ፈትሸው ሦስቱ በተፈጥሮ ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ መሆናቸውን አሳወቁ። ዛፎቹ አረቢካ ናቸው።

◆ እስካሁን ያወራነው መጀመሪያ ተክሉን አይቶ ኋላ ዘረመሉን ስለመፈለግ ነው። የተገላቢጦሽ የዘረመል ጥናት የሚባለው መንገዱን ያዞረዋል፤ መጀመሪያ ዘረመሉ ይመረጣል፣ ከዚያ «ይህ የተለወጠበት ተክል የትኛው ነው?» ተብሎ በሺዎች መካከል ይፈለጋል። የተክሉ ቁመትና መልክ የሚታየው በመጨረሻ ነው።

◆ ለዚህ ፍለጋ «ቲሊንግ» የተባለው ዘዴ በ2000 ከሲያትል ወጣ፤ ክሌር ማክካለም፣ ሉካ ኮማይና ስቲቨን ሄኒኮፍ ናቸው የሠሩት። ሂደቱን ቀረብ ብለን እንየው። ዘሩ በኢኤምኤስ ይነከራል። ከሁለተኛው ትውልድ ከእያንዳንዱ ተክል ትንሽ ቅጠል ተቆርጦ ዲኤንኤው ይወጣል፤ ዘሩም ቁጥር ተጽፎበት በፖስታ ይቀመጣል። የስምንት ተክል ዲኤንኤ በመሞከሪያ ሳህን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይደባለቃል፤ የተፈለገው ዘረመል ብቻ በፒሲአር ይባዛል። ከዚያ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ክሮቹ ሲለያዩና እንደገና ሲጣመሩ፣ ደህናው ክር ከተለወጠው ጋር ከተጋጠመ አንዷ ፊደል ቦታዋ ላይ አትገጥምም። ያችን ያልገጠመች ቦታ ፈልጎ የሚቆርጠው ኢንዛይም ደግሞ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ሾርባ ውስጥ ከምንጨምረው ከሰለሪ! የተቆረጠው ቁራጭ በጄል ላይ አጭር መስመር ሆኖ ይታያል። ከስምንቱ የትኛው እንደሆነ ይለያል፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ዘሩ ይዘራል።

◆ ስንዴ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። የዳቦ ስንዴ እያንዳንዱን ዘረመል በሦስት ቅጂ፣ የፓስታ ስንዴ ደግሞ በሁለት ስለያዘ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል። ሌላ ተክል የማይችለውን የለውጥ ብዛት ስንዴ ተሸክሞ ይኖራል። በ2017 አሜሪካና እንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች «ክሮኖስ» የተባለውን የፓስታ ስንዴ 1,535 መስመሮችና «ካደንዛ» የተባለውን የዳቦ ስንዴ 1,200 መስመሮች በኢኤምኤስ ለውጠው የዘረመሎቻቸውን ዲኤንኤ አነበቡ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ለውጦች ተመዘገቡ። አሁን ተመራማሪው ጄል ማየት አያስፈልገውም፤ የሚፈልገውን ዘረመል በኢንተርኔት ፈልጎ ዘሩን ያዝዛል።

◆ ያው ሽፋን ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ገብስ ላይ ኤምኤልኦን ማበላሸት በቂ ነበር። ዳቦ ስንዴ ላይ ሦስቱም ቅጂዎች ካልተበላሹ ሻጋታው በቀረው በኩል ይገባል፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ የተበላሹበት ስንዴ በማሳ ላይ በአጋጣሚ ይገኛል ማለት ዘበት ነው። በ2014 ቤጂንግ ውስጥ የጋኦ ካይሺያ ቡድን ዘረመልን በሚያርሙ መሣሪያዎች ሦስቱንም አበላሽቶ ሻጋታ የማይደፍረው ስንዴ አሳየ። በ2017 ደግሞ ሌሎች ያንኑ በቲሊንግ፣ ሦስቱን ለየብቻ ፈልገው በማዳቀል አንድ ላይ በማምጣት ሠሩት።

◆ የሚገርም ስልት ልንገርዎ። ዋግን የሚከላከል ዘረመል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተመራማሪዎች መከላከያውን ሆን ብለው ያጠፉታል። ዋግ የማይነካው ስንዴ በኢኤምኤስ ይነከራል፤ ከልጆቹ መካከል መከላከያውን ያጡት ይለቀማሉ፤ በሁሉም ላይ የተበላሸው አንድ ዘረመል ከተገኘ የሚፈለገው እሱ ነው። በ2016 እንግሊዝ ኖሪች ላይ ሁለት የግንድ ዋግ መከላከያዎች በዚህ መንገድ ተለይተዋል።

በ2017 ካሊፎርኒያ ላይ የተለየው «ኤስአር 13» ደግሞ ለእኛ ይቀርባል። ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘውንና ዓለምን ያስደነገጠውን የግንድ ዋግ ይከላከላል፤ ማረጋገጫው የመጣው ከላይ ከጠቀስኳቸው የክሮኖስ ሚውታንቶች ነው። የዚህ ዘረመል ምንጭ ተብለው ከሚታወቁት ስንዴዎች አንዱ የኢትዮጵያ ነባር ስንዴ ነው። በ2013 ባሌ ላይ ዲጋሉ የተባለው ስንዴ በግንድ ዋግ ሲወድም ያየ ገበሬ የዚህን ዋጋ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

◆ ኬንያ በጨረር የተገኘውንና የኡጋንዳውን ዋግ የሚቋቋመውን «ኤልዶ ንጋኖ 1» የተባለ ስንዴ በ2014 ለገበሬዎቿ ለቃለች።

◆ ባንግላዴሽ «ቢናዳን 7» የተባለ በጨረር የተሻሻለ ሩዝ አላት፤ ከተለመደው ቀድሞ ይደርሳል። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል አዝመራ ከመድረሱ በፊት ጎተራ የሚራቆትበት የረሃብ ወቅት አለ፤ ይህ ሩዝ የሚታጨደው በዚያ ጊዜ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ለሚያውቅ የእኛ ገበሬ ማብራሪያ አያሻውም።

◆ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2018 በሰጠው ውሳኔ በጨረርና በኬሚካል የሚለወጡ ሰብሎች ለረጅም ጊዜ ያለ ጉዳት በማገልገላቸው ከጥብቁ ሕግ ነጻ ሲሆኑ፣ ክሪስፐር በተባለው የዘረመል ማረሚያ መሣሪያ አንዲት ፊደል የታረመበት ግን በሕጉ ሥር ወደቀ። በእኔ እይታ በዘፈቀደ ሺህ ቦታ የተለወጠውን አልፎ በታወቀ ቦታ የተለወጠውን መያዝ ለሳይንሱ የሚከብድ ነው።

◆ በ2022 መጨረሻ የማሽላ ዘር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልኮ በ2023 ተመልሷል፤ የጠፈር ጨረር ምን እንደለወጠበት ለማየት። ቻይና በዚህ ቀደም ብላለች፤ «ሉዩዋን 502» የተባለው በጠፈር ከተለወጠ ዘር የመጣ ስንዴ በሰፊው ይዘራባታል።

◆ ጤፍን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ስላለው ነው። ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ላይ ይዘራል፤ ከእኛና ከኤርትራ ውጭ ግን ዋና እህሉ ያደረገ አገር ስለሌለ የሌሎች አገሮች ትልልቅ ተቋማት አልደከሙበትም። ትልቁ ጠላቱ መጋሸብ ነው። አገዳው ቀጭን፣ ረጅም፤ ማዳበሪያ ሲያገኝ የበለጠ ይመዘዛል፣ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይተኛል። ስንዴና ሩዝን ያሳጠሩት ለውጦች በጤፍ ላይ በተፈጥሮ አልተገኙም፤ በአገራችን በሺዎች የሚቆጠር የጤፍ ስብስብ ተፈትሾም።

ማዳቀሉ ራሱ ፈተና ነበር። በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 ፍሬ አለ፤ አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች። ዶክተር ታረቀ በርሄ ያን የማለዳ ሰዓት ደርሰውበት እጅ ማስገባት የቻሉት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።

ከ2006 ጀምሮ ስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ያለው የዶክተር ዘሪሁን ታደለ ቡድን ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ ጤፍን በኢኤምኤስ ነከረ። ከልጆቹ መካከል አጫጭሮች ተገኙ። «ቀኝ» የተባለው ሚውታንት ያጠረው፣ በሕዋስ ውስጥ ቅርጽ የሚይዙትን ጥቃቅን ቱቦዎች በሚሠራ ዘረመል ላይ በደረሰ ለውጥ እንደሆነ በ2015 ታተመ። ጤፍ ከሁለት የጥንት ሣሮች የተዋሐደ በመሆኑ እሱም እንደ ፓስታ ስንዴ ሁለት ቅጂ አለው፤ በአንዱ ላይ የደረሰ ጥሩ ለውጥ በሌላው ሊሸፈን ይችላል። የጤፍ የዲኤንኤ ንባብ በ2014 መታተሙ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ቅጂ ለይቶ እያንዳንዱን መፈለግ ተቻለ። ሌላው አጭር ሚውታንት ቀይ ሙሪ ከተባለው ረጅም ነባር ጤፍ ጋር ተዳቅሎ፣ የማጠሩን ከአንዱ፣ የፍሬውን ከሌላው ወርሶ «ተስፋ» የተባለው ዝርያ በ2017 ለገበሬ እንዲለቀቅ ጸድቋል።